መርዙን ለክተን እንሰጣለን፤ ጉዳቱን ማን ይለካል?

ኬሞቴራፒ የታዘዘለት ሰው መጀመሪያ ቁመቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይመዘናል። ሁለቱ ቁጥሮች በቀመር ይገቡና የገላው ስፋት በካሬ ሜትር ይወጣል። በዚያ ላይ ተሠልቶ መድኃኒቱ በሚሊግራም ይታዘዛል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሒሳብ ነው፣ ሁሉም ልኬት ነው። ከዚያ መርዙ በደም ሥር ይገባል። አዎ፣ መርዝ ነው ያልኩት፤ ሐኪሞቹም አይክዱትም። ታዲያ ከገባ በኋላስ? ያ መርዝ በዚያ ሰው የደም ሴል ውስጥ ምን ያህል ሰበረ? ከተሰበረው ምን ያህሉ ተጠገነ? ያልተጠገነው ከዓመታት በኋላ ምን ይዞ ይመጣል? እንደው ለመሆኑ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ቢሮ በዚህች አገር የት ነው ያለው?

ጥያቄውን ስታነሱ የሚመለስላችሁን መልስ ከወዲሁ እናውቀዋለን። «ይሄ ቅንጦት ነው!» ትባላላችሁ። «መድኃኒቱ ራሱ በቅጡ በማይገኝበት፣ አልጋ በጠፋበት፣ ከ20 ዓመት በላይ የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት አገር የዲ.ኤን.ኤ. ጉዳት ልለካ ማለት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ዓይነት ነው» ይሏችኋል። ተረቱ ጥሩ ነው፤ ጨዋታም ያሳምራል። ችግሩ እዚህ ቦታ አይሠራም። የታማሚው ደም የቆጡ ሳይሆን የብብቱ ነውና! የቆጡ ሌላ ነው፤ እሱን በኋላ እናነሳዋለን።

መጀመሪያ መርዙ ከየት መጣ የሚለውን እንይ። ታሪኩ የእኛም ታሪክ ነው፤ የሚነግረን ስለሌለ እንጂ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ግንባር በወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ መጣል ጀመሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ለዓለም ተናገሩ። ዓለም ሰማና ዝም አለ። የኢጣልያ መንግሥት ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ያ ጋዝ ቆዳና ዓይን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። ሴል ውስጥ ዘልቆ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለውን የሕይወት ክር ይይዛል፤ ጥንዶቹን ክሮች እርስ በርሳቸው ያቆላልፋቸዋል። ሴሉ ለሁለት ልከፈል ሲል ክሩ አልላቀቅ ይለዋል፤ እዚያው ይሞታል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉት ሴሎች ደግሞ ቀድመው ያልቃሉ። ከእነዚህ ዋነኞቹ መቅኔ ውስጥ የሚፈለፈሉት የደም ሴሎች ናቸው። ካንሰርም ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ሴል ነው። እዚህ ላይ ነው የፈረንጅ ሐኪም አእምሮ ብልጭ ያለው።

እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ ሳይንቲስቶች ከሐኪም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዚያን ጋዝ የቅርብ ዘመድ ናይትሮጂን መስተርድን በንፍፊት ካንሰር ለተያዘ ሰው በደም ሥሩ ሰጡት። ነገሩ የጦርነት ምስጢር ስለነበር ለሕዝብ የታተመው በ1946 ነው። በመካከሉ ዲሴምበር 2 ቀን 1943 የጀርመን አውሮፕላኖች ባሪ በምትባለው የኢጣልያ ወደብ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ የጫነች የአሜሪካ መርከብ መቱ። የተጎዱትን የመረመረው ሐኪም ስቱዋርት አሌክሳንደር ነጭ የደም ሴላቸው እንዴት እንዳሽቆለቆለ አንድ በአንድ መዝግቦ አስቀመጠ። ከዚያው የመስተርድ ዘር ጀርመኖች በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳይክሎፎስፋማይድን ለሕክምና አበቁ። ዛሬ ሳይክሎፎስፋማይድ ቀይ ፈሳሽ ከሆነው ዶክሶሩቢሲን ጋር ተጣምሮ ለጡት ካንሰር በመላው ዓለም ይሰጣል። እዚህ አዲስ አበባም ይሰጣል።

ልዩነቱን አያችሁ? ባሪ ላይ ደሙን የቆጠረ፣ ቁጥሩን የጻፈ ሰው ነበር። ከቁጥሩም መድኃኒት ለመፈለግ ትምህርት ተገኘ። የኬሞቴራፒ ታሪክ ሲወራ ባሪና ዬል ይጠራሉ፤ ተከዜን ግን ማን ያነሳዋል? የእኛ ሰው መርዙን ቀመሰ እንጂ ደሙ ለሳይንስ ቁጥር አልሆነም። አንድ ጊዜ ሳይለካ ተመረዘ። ዛሬ ደግሞ የዚያ መርዝ የልጅ ልጅ ለመዳኛ ሲሰጠው አሁንም ሳይለካ ይቅር? ክርክራችን ይኼው ነው።

ለመሆኑ ልኬቱ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያስፈራው? አንደኛው ዘዴ «ኮሜት» ይባላል፤ ኮሜት ማለት ጅራታም ኮከብ ነው። ጥቂት ጠብታ ደም ይበቃዋል። ቀይ የደም ሴል ኒውክሊየስ ስለሌለው ሥራው ከነጮቹ ጋር ነው። ነጮቹ ሴሎች አጋሮስ በሚባል፣ ከባሕር ሣር በሚሠራ ጄሎ መሰል ነገር ውስጥ ገብተው በመስታወት ስላይድ ላይ ይነጠፋሉ። ጨውና ሳሙና መሰል ነገር ባለው ፈሳሽ የሴሉ ገለፈት ይሟሟል፤ ዲ.ኤን.ኤው ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ አልካሊ ውስጥ ይነከርና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ዲ.ኤን.ኤ. በተፈጥሮው ነጋቲቭ ስለሆነ ወደ ፖዘቲቩ በኩል ይሳባል። ጤነኛው ክር እንደተጠቀለለ ባለበት ይቀመጣል፤ የተሰባበረው ግን እየተጎተተ ይወጣል። በሚያበራ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤነኛው ሴል ድብልብል ጨረቃ፣ የተጎዳው ሴል ባለጅራት ኮከብ ሆኖ ይታያል። ጅራቱ በረዘመና በደመቀ ቁጥር ስብራቱ በዝቷል ማለት ነው።

ይኸው ነው! ሮኬት የለበትም። ሐሳቡን ኦስትሊንግና ዮሃንሰን የተባሉ ስዊድናውያን በ1984 እ.ኤ.አ. አቀረቡት፤ ሲንግ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1988 አልካሊውን ጨምረው አሻሻሉት። የሚያስፈልገው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ገንዳ፣ ኬሚካል፣ መብራት የማይጠፋበት ክፍልና የሠለጠነ ዓይን ነው። ደሙ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ አንዴ፣ በማግሥቱ አንዴ፣ ቀጣዩ ዙር ከመድረሱ በፊት አንዴ ቢወሰድ የስብራቱና የጥገናው ታሪክ ይነበባል። ሰውነት እኮ ዝም ብሎ አይመታም፤ የተሰበረውን ይጠግናል። ግን የአንዱ ጥገና እንደሌላው አይደለም። አንዱ በአንድ ሌሊት ይሰፋዋል፤ ሌላው እንደተቀደደ ያድራል።

ነገሩ ቀላል ነው ስንል ለማንም ይሆናል ማለታችን አይደለም። ሲስፕላቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ክሩን ከመስበር ይልቅ ያቆላልፉታል፤ የተቆላለፈ ክር ደግሞ አይጎተትም። ስለዚህ በእነሱ ጊዜ የጅራት ማጠር ደህንነት ሳይሆን ጉዳት ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጉዳቱን ጤና ብሎ ያነበዋል። ሁለተኛም ዘዴ አለ፤ ነጭ ሴሎችን ለሦስት ቀን ያህል ላቦራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ከዋናው ኒውክሊየስ ተገንጥለው የቀሩትን ትንንሽ ኒውክሊየሶች መቁጠር ነው። ያ የሚያሳየው ሳይጠገን የቀረውን ነው። የሚያዋጣው ሁለቱን አጣምሮ የሚያነብ ባለሙያ ማፍራት ነው። ባለሙያ ደግሞ በስብሰባና በመግለጫ አይፈራም።

«ጉዳቱ ቢታወቅስ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። አንድ ምሳሌ እንስጥ። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉት መድኃኒቶች በጥቂት ታማሚዎች ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ፣ እንደ ዶክሶሩቢሲንና ኢቶፖሳይድ ያሉት ደግሞ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ሌላ የደም ካንሰር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ሰዎች ናቸው። ከጡት ካንሰር ተርፋ ልጆቿን እያሳደገች ያለች እናት ከዓመታት በኋላ ደሟ ሲታመም፣ የመጀመሪያው ሕክምና ምን ጥሎባት እንደሄደ የሚናገር መዝገብ ቢኖር አይሻልም? እ.ኤ.አ. በ2022 በተሠራው ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው በካንሰር ይያዛል። ከእነዚህ የሚድኑትን እንዲህ በጭፍን ወደ ቤታቸው መሸኘት ሕክምናውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ይህ ነው። የእኛን ደም የሌላ ሰው ቁጥር አይገልጸውም! ይህ የአገር ፍቅር ስብከት አይደለም፤ ተለክቶ የታየ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የነበረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ ኢትዮጵያውያን የሲዲ-4 ሴል በአማካይ 775 ሲሆን የሆላንዶቹ 993 ነበር። ጤነኛ ሰው ሆኖ ሳለ ማለት ነው! ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ዘንድ ያለምንም በሽታ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል አነስ ብሎ መገኘቱ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዶክተር ኢሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አንዳንድ መድኃኒቶችን እጅግ በፍጥነት የሚፈጭ የጉበት ጂን ብዜት ተሸካሚዎች ሆነው ተገኙ። ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ይኸው የጂን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ኬሞው ክፍል ተመለሱ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ኒውትሮፊል ይቆጠራል። ቁጥሩ ከተወሰነ መስመር በታች ከሆነ «ደምሽ ወርዷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ይባላል። መስመሩን ያሰመረው ማነው? የማንን ደም አይቶ አሰመረው? ቁጥሩ የተፈጥሮዋ ሆኖ ሳለ እንደ በሽታ ተቆጥሮባት ሕክምናዋ የሚዘገይባት እናት ብትኖር፣ ያንን ሳምንት ካንሰሩ ተኝቶ ይጠብቃታል እንዴ? የገላ ስፋቱን ከሚያወጡት ቀመሮች አንጋፋው እንኳ በ1916 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎችን ብቻ በመለካት የተቀመመ ነው። ዘጠኝ! በእነዚያ ዘጠኝ ፈረንጆች ገላ ለሠራተኛ ሰፈሯ እማማ መርዝ ሲታዘዝ «ሳይንስ» ተባለ። የእማማን ደም ራሱን እንለካ ሲባል «ቅንጦት» ሆነ። ጉድ እኮ ነው!

ደግሞ የምንረሳቸው ሰዎች አሉ። መርዙን ከታማሚው በፊት የሚነኩት ነርሶችና ፋርማሲስቶች ናቸው። ጠርሙሱን ከፍተው የሚበጠብጡት፣ በመርፌ የሚስቡት፣ የታማሚውን ትውከት የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፊንላንድ ውስጥ ፋልክና ባልደረቦቹ የካንሰር መድኃኒት በሚይዙ ነርሶች ሽንት ውስጥ ዘረ መል የሚለውጥ ነገር እንዳለ አሳይተው ዓለምን አስደነገጡ። ከዚያ በኋላ በበለፀጉት አገሮች መድኃኒቱ የሚበጠበጥበት አየር የሚስብ ካቢኔ፣ ወፍራም ጓንት፣ ካፖርት ግዴታ ሆነ። ባለካቢኔዎቹ እንኳ የሠራተኞቻቸውን ደም በኮሜት ይመረምራሉ። የእኛዎቹስ? የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኬሞ የሚበጠብጡ ነርሶችን ደም በየዓመቱ አስለክቶ እንደሆነ ውጤቱን ያውጣው፤ ይህ ጋዜጣ በፊት ገጹ ያትመዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ከመልሶቹ አንዱ እስራት ነበር። ደመወዙን የጠየቀ የሚታሰር ከሆነ «ደሜን ለኩልኝ» የሚል ምን ሊባል ነው?

«ሙያው የለንም» ይባል ይሆናል። ውሸት ነው! እ.ኤ.አ. በ2000 በሙቴሽን ሪሰርች መጽሔት ላይ ኮሜት በሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት ለመከታተል ስላለው ጥቅም ሰፊ ዳሰሳ ሲታተም የመጀመሪያው ደራሲ ማን ነበር? ፈቃዱ ካሴ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ቪየና ከሚገኙ የካንሰር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ጻፈው። በዓመቱ ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የጫት ቃሚዎችን የአፍና የፊኛ ሴሎች መርምረው ትንንሾቹ ኒውክሊየሶች በቃሚዎች ላይ በርክተው እንደሚገኙ አሳተሙ። እንግዲህ ይህን ነገር ለዓለም ካስተማሩት መካከል የእኛ ሰው አለበት። የእውቀት ድህነት የለብንም፤ የጎደለው እውቀቱን የሚያስጠጋ ቤት ነው።

አሁን የቆጡን እናንሳ። ከጥቁር አንበሳ በር ተነስታችሁ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ውጡ፤ ፒያሳ ናችሁ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ነው፤ እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ አለ። ዲ.ኤን.ኤን በኤሌክትሪክ ገንዳ ማስኬድ እዚያ ለተማሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሽቅብ ሲቀጥሉ ስድስት ኪሎ፤ የየካቲት 12 ሆስፒታልና የሰማዕታቱ ሐውልት። ታማሚው ታች፣ ባዮሎጂው ላይ። በመካከላቸው ያለችው ፒያሳ ብቻ ናት፤ ሜዲትራኒያን ባሕር አይደለም!

ያቺ ፒያሳ ደግሞ ምን እንደሆነች አይተናል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ እነ ዶሮ ማነቂያ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ስንት ትውልድ የኖረበት ሰፈር ተነሳ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ተመረቀ። ንጣፉ ተነጠፈ፣ መብራቱ ተተከለ፣ አጥሩ ተቀባ። ቆጡ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ! ሲፈለግ በጀት አለ፣ ማሽን አለ፣ ሌሊት የሚሠራ ሠራተኛ አለ። አንድን ሰፈር ከነትዝታው በሳምንታት የሚያነሳ መንግሥት አንድ ክፍል አጽድቶ አንድ ማይክሮስኮፕ ማስገባት ቅንጦት ሆነብኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ለመንገድ መብራት ያልጠፋ ገንዘብ ለደም መመርመሪያ ኬሚካል ሲሆን የት ይገባል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ይሰመርበት። ይህን አንብቦ ኬሞውን አቋርጦ የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር! መድኃኒቱ መርዝ ነው ማለት አያድንም ማለት አይደለም፤ የሚያድነው መርዝ ስለሆነ ነው። ጠበሉንም ጸሎቱንም የፈለገ ከሕክምናው ጋር ያድርገው እንጂ በሕክምናው ፋንታ አያድርገው። በሌላው ዓለምም ቢሆን ኮሜት የምርምርና የክትትል መሣሪያ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ታማሚ መጠን የሚወሰንበት የዘወትር ምርመራ አልሆነም። እኛም ነገ ጠዋት ሐኪሙ በኮሜት ይዘዝ አላልንም። ያልነው፦ ሌላው እየመረመረ እኛ የምንጠብቅበት ምክንያት ምንድነው? እነሱ የራሳቸውን ደም መርምረው መስመር ሲያሰምሩ እኛ እንደለመድነው ከመስመሩ በታች ተገኝተን «ወርዷል» ልንባል ነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ኬሞ በሚሰጥ በማንኛውም የመንግሥት ሆስፒታል የተራ ደም ቆጠራ ኬሚካል አንድም ቀን «አልቋል» እንዳይባል፤ ታማሚ በዚያ ጉልበቱ ወረቀት ይዞ የግል ላቦራቶሪ ፍለጋ ቸርችልን ሽቅብ እንዳይወጣ። ሁለተኛ፣ ጥቁር አንበሳና አራት ኪሎ በአንድ ላይ የሚሠሩበት አንድ ክፍል፤ ኮሜቱም ትንንሾቹ ኒውክሊየሶችም የሚቆጠሩበት። ሦስተኛ፣ መርዙን በሚበጠብጡት ነርሶችና ፋርማሲስቶች ይጀመር፤ ውጤቱም ለራሳቸው ይነገራቸው። አራተኛ፣ የጤነኛ ኢትዮጵያዊ ደም መነሻ ቁጥር ይውጣና በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ይታተም፤ ለፈረንጅ መጽሔት ብቻ ተልኮ እንዳይቀር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ያልተለካ ጉዳትም የተደበቀ ጉዳት ነው፤ ደባቂው ታማሚው ሳይሆን መለካት ያለበት ክፍል መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሰናፍጩ በተከዜ ሲዘንብ የለካልን አልነበረም፤ ያኔ ጠላት ነበር የሚያዘንበው፣ ምን ይደረግ ብለን ተቀበልነው። ዛሬ የሚሰጠው የራሳችን ሐኪም፣ የሚበጠብጠው የራሳችን ነርስ፣ የሚቀበለው የራሳችን ወገን ነው። ዛሬ ላለመለካታችን የምናመካኝበት ጠላት የለንም።

የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ መልሳችሁን እንጠብቃለን። መግለጫውን ተዉትና ቁጥሩን አምጡ!